ክረምትን ከአያቶች ጋር በደጋ ማሳለፍ፦ ወደ ደብረ ብርሃንና አንኮበር ለሚሄዱ ቤተሰቦች የጤና መመሪያ

ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ የከተማ ልጆች ክረምቱን ከአያቶቻቸው ጋር ለማሳለፍ ወደ ገጠር ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ በአያቶቻቸው ቤት ይሰነብታሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከአያቶቻቸው ጋር ድንኳን ይዘው የአንኮበርን ገደላማ አገር፣ የወፍ ዋሻን ደን ወይም የመንዝ ጓሳን ያያሉ። ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ለሁለቱም ጤና ይጠቅማል። አያት ይንቀሳቀሳል፣ ይጫወታል፤ ልጅ ደግሞ ከስልክና ከቴሌቪዥን ርቆ በእግሩ ይሄዳል።

ሆኖም በዚህ ጉዞ ላይ ለብርድ፣ ለኢንፌክሽንና ለጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ሁለት የዕድሜ ክልሎች አብረው ይጓዛሉ። ብዙ ጊዜም መካከለኛ ዕድሜ ያለው ሰው አብሯቸው አይኖርም። አያት ቢታመሙ የሚረዳቸው የ10 ዓመት ልጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝግጅቱ ለልጁም ለአያትም መሆን አለበት።

የአካባቢው ሁኔታ በአጭሩ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው ከደብረ ብርሃን ዝቅ ቢልም ገደላማ፣ ጉም የሚበዛበትና እርጥብ ነው። መንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በሌላ በኩል ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኘው አልዩ አምባና ከደብረ ሲና በታች ያለው ሸዋ ሮቢት ቆላማና ሞቃት ናቸው። በአንድ ቀን ጉዞ ከውርጭ አገር ወደ ወባ አገር መግባት ይቻላል።

የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፣ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይጨቀያል።

ከጉዞው በፊት

• አያቶች የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የአስም ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ከመሄዳቸው 2 ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪማቸውን ያነጋግሩ። በቅርቡ ሆስፒታል ተኝተው ከነበረ፣ ወይም ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ወደ ከፍተኛ ቦታ መውጣት እንደሚችሉ ይጠይቁ።
• መድኃኒት ለሚቆዩበት ጊዜ ሁሉ፣ ተጨማሪ የ1 ሳምንት ጨምረው ይያዙ። በገጠር መድኃኒት ቤት የእርስዎን መድኃኒት ላያገኙ ይችላሉ። መድኃኒቱን በሁለት ቦታ ከፍለው ይያዙ፤ አንዱ ቦርሳ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል።
• የልጁን የክትባት ካርድ ይመልከቱ። በኢትዮጵያ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። የጎደለ ካለ ከመሄዱ በፊት ያስከትቡ።
• በአንድ ወረቀት ላይ የሁሉንም ስም፣ ዕድሜ፣ በሽታ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና መጠኑን፣ የማይስማማቸውን መድኃኒት፣ የወላጆችን ስልክ ይጻፉ። አንዱን ቅጂ ልጁ ኪስ ውስጥ ያድርጉ።
• የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም በዚያ ከሚኖር ሰው ይጠይቁ። በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ፣ በሌሊት በምን እንደሚደረስ አስቀድመው ይወቁ።

ብርድና የሰውነት ሙቀት መውረድ

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ለሕይወት ያሰጋል። ለዚህ ውርጭ አያስፈልግም፤ ዝናብ የመታው ሰው ነፋስ ላይ ከቆየ በ10 ዲግሪም ሊደርስበት ይችላል። ትንንሽ ልጆች ሙቀት ቶሎ ያጣሉ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ደግሞ መንቀጥቀጣቸው ደካማ ስለሆነ፣ ብርዱም ብዙ ስለማይሰማቸው ሳይታወቅ ይጎዳሉ።

ለልብስ ምርጫ አንድ ነገር ያስታውሱ። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሲሆን ያሞቃል፣ ሲረጥብ ግን ሙቀቱን ያጣል። የሱፍ ልብስ፣ ባናም ሆነ በርኖስ፣ ርሶም በከፊል ያሞቃል። የደጋ ሰው በርኖስ የሚለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀን ለሚራመዱበት ከውስጥ ሱፍ ወይም ሹራብ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ልብስ ይልበሱ፤ ጋቢውን ለመኝታ ደረቁን ያስቀምጡ።

በድንኳን ለሚያድሩ፦

• ድንኳኑን ከፍ ባለና ውሃ በማይቆምበት ቦታ ይትከሉ። ከወንዝ ዳር፣ ከገደል ጫፍና ከብቸኛ ዛፍ ይራቁ።
• ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ይመጣል። ከሥር ደረቅ ገለባ ወይም ሰሌን፣ በላዩ አጎዛ ወይም ወፍራም ፍራሽ ያንጥፉ።
• ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሙሉ ደረቅ ልብስና ካልሲ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ለሌሊት ብቻ ይቀመጥ።
• ልጁን በአያት አጠገብ ያስተኙ። ከመተኛታችሁ በፊት ትኩስ ነገር ጠጡ።

ምልክቶቹ፦ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ መሰናከል፤ ቀጥሎ ንግግር መኮላተፍ፣ ግራ መጋባት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። ብርድ የመታው ሰው መንቀጥቀጡን ካቆመና ከደነዘዘ ተሻለው ማለት አይደለም፤ ባሰበት ማለት ነው። ሕፃን ደግሞ ዝም ይላል፣ አይጠባም፣ ሆዱ ሲነካ ይቀዘቅዛል።

ምን ይደረግ፦

1. ከነፋስና ከዝናብ ያስወጡት፤ እርጥቡን ልብስ አውልቀው በደረቅ ይተኩ።
2. ራሱንና አንገቱን ጨምረው በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። ሌላ ሰው አብሮት ገብቶ በገላው ያሙቀው።
3. ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ትኩስና ስኳር ያለበት ሻይ ወይም አጥሚት ይስጡት።
4. አረቄ አይስጡ። ሙቀት የሰጠ ቢመስልም ሰውነት ሙቀቱን ይበልጥ እንዲያጣ ያደርጋል። እጅና እግሩን አይሹ፤ ወደ እሳትም አያስጠጉ።
5. ግራ ከተጋባ ወይም ራሱን ከሳተ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

የከሰል ጭስ፦ ሽታ የሌለው ገዳይ

በብርድ አገር ብዙ ሰው የሚሞትበት ስሕተት ከሰል ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ነው። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

«ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ ወጥቷል፣ አሁን ችግር የለውም» የሚለው እምነት ስሕተት ነው። የቀላው ከሰል፣ አመድ የለበሰውም ጭምር፣ ጋዙን ያወጣል። ድንኳን ደግሞ ከቤት ይልቅ ያሰጋል፤ ጠባብ ነው፣ ጨርቁም በዝናብ ሲርስ አየር የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል።

• የከሰል ምድጃ፣ ማንደጃ፣ የጋዝ ምድጃ ወይም ፍም ያለበት ዕቃ በምንም ምክንያት በድንኳን ውስጥ አይግባ። በድንኳኑ በር ላይም አያብስሉ።
• በቤት ውስጥ ከሆኑ እሳቱ ላይ ሲሞቁ በርና መስኮት ክፍት ይሁን፤ ከመተኛታችሁ በፊት ከሰሉን ወደ ውጭ ያውጡ።
• ለሙቀት በደንብ የተከደነ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ የተሻለ ነው።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከያዛቸው ከሰሉን ይጠርጥሩ። ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ ያውጡ። ንጹህ አየር ሲያገኙ ቢሻላቸውም ኦክስጅን ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከፍታ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ብዙ ለውጥ አይሰማውም፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ ከተሞች ወይም ከውጭ አገር በቅርቡ የመጡ አያቶችና ልጆች ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆኑ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍ መረበሽ ሊሰማቸው ይችላል። ትንሽ ልጅ ራሱን እንዳመመው ስለማይናገር መነጫነጭና መብላት እምቢ ማለት ምልክት ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ቤተሰቦች ወደ ጓሳ ከመውጣታቸው በፊት በደብረ ብርሃን 2 ሌሊት ይደሩ፤ በመጀመሪያው ቀን ብዙ አይራመዱ። ምልክቱ ከመጣ ከፍ ወዳለ ቦታ አይውጡ፣ ያርፉ። ካልተሻለ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይውረዱ። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ማጠር፣ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ወይም ግራ መጋባት ድንገተኛ ስለሆነ ሌሊትም ቢሆን መውረድና ሕክምና ማግኘት ያስፈልጋል።

ውሃ፣ ምግብና ተቅማጥ

በክረምት ጎርፍ ቆሻሻን ወደ ምንጭና ወንዝ ስለሚያስገባ ተቅማጥ ይበዛል። ውሃው ቢጠራም አይመኑት። በደጋ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይፍላ። ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት ይጠቀሙ፤ ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ ያጥልሉት።

ለእንግዳ ልጅ ከላሟ ትኩስ ወተት መስጠት የገጠር ደግነት ነው። ነገር ግን ያልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳን ጨምሮ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አፍልተው ያጠጡት። ጥሬ ሥጋም ለልጅ አይስጡ።

ተቅማጥ ሲይዝ፦

• ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኦ አር ኤስ (ለምለም) ይስጡ። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ይበጥብጡ፤ የተበጠበጠውን ከ24 ሰዓት በኋላ ይድፉ።
• ልጁ ካስታወከ 10 ደቂቃ ጠብቀው በማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። ምግብም ጡትም አያቋርጡ።
• ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ዚንክ ለ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ከ6 ወር በላይ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች 10 ሚሊ ግራም።
• አያቶችም በተቅማጥ ይደርቃሉ። የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስልክ ደውለው ሐኪም ያማክሩ።

ትኩሳት

ልጅ ሲያተኩሰው «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ እየሰጡ ለቀናት መጠበቅ አደገኛ ነው። በዚህ ጉዞ ላይ ትኩሳት የሚከተሉትን ሊያመለክት ይችላል፦

የሳንባ ምች። ሳልና ፈጣን ትንፋሽ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ልጁ ጸጥ ብሎ እያለ ትንፋሹን ለ1 ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ በዚያው ቀን ይውሰዱት። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሳንባ ምች ይዟቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል፤ ድንገት መድከምና መቀባጠር ብቻ ሊታይ ይችላል።

ወባ። በደብረ ብርሃን ብርድ ወባ አያሰጋም። ወደ አልዩ አምባ፣ ሸዋ ሮቢት ወይም ሌላ ቆላ ወርደው ካደሩ ግን ያሰጋል። በዚያ በአጎበር ሥር ይተኙ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ1 ሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ቆይቶ ስለሚጀምር ልጁ ወደ ከተማ ተመልሶ ሊያመው ይችላል። ለሐኪሙ «ቆላ ወርዶ ነበር» ብለው ይንገሩ።

በቅማል የሚተላለፉ ትኩሳቶች (ተስቦና ግርሻ)። በብርድ ጊዜ ሰው ተጨናንቆ ሲተኛና ልብስ ሳይታጠብ ሲቆይ ይዛመታሉ። የውስጥ ልብስ በየጊዜው ይቀይሩ፣ በሙቅ ውሃ ይጠቡ፤ ልብስና አንሶላ አይዋዋሱ።

ለትኩሳት ማስታገሻ ለልጅ ፓራሲታሞል በኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ቢያንስ 4 ሰዓት እያራራቁ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። አስፕሪን ለልጅ አይስጡ። የአያትን መድኃኒት ልጅ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ፤ አንድ የስኳር ወይም የግፊት እንክብል ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል።

ውሻ፣ ጭላዳና ንክሻ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ከሞት የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተወሰደ ግን ይከላከላል። የገጠር ውሾች ቤት ጠባቂ ስለሆኑ ልጁ ብቻውን ወደማያውቀው ግቢ አይግባ። በአንኮበርና በጓሳ የሚታዩትን ጭላዳዎች ምግብ አይስጡ፣ አይጠጉ።

ከተነከሰ ወይም ውሻ ቁስሉን ከላሰው፦ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሄደው ስለ ክትባቱ ይጠይቁ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው አይተዉ። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ክትባቱን ማዘግየት የለበትም።

መብረቅ፣ ጎርፍ፣ ገደልና እሳት

• ነጎድጓድ ሲሰሙ ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ይግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ዛፍ ሥር አይጠለሉ። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም።
• የሞላ ወንዝ ልጅ አዝለው አይሻገሩ። እርስዎ ባሉበት ሳይዘንብ ከላይ ዘንቦ ውሃው በድንገት ሊመጣ ይችላል። ጠብቁ፤ ክረምት ሙላት ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።
• ጉም ሲወርድ ከገደል ርቀው ይቀመጡ፤ ልጁን እጁን ይያዙ። አያቶች ዱላ ይያዙ፣ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ፣ ሌሊት ሲወጡ ባትሪ ያብሩ።
• በቡሄ (ነሐሴ 13) ሰሞን ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ችቦ ያበራሉ። ጅራፉ ሰው በሌለበት ሜዳ ይሁን፤ ዓይን የተመታ ልጅ ዓይኑን ሳያሽ ወደ ሕክምና ይሂድ።
• የተቃጠለ ገላ ላይ ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያፍስሱ፤ ሌላውን ገላ ግን በደረቅ ልብስ ያሙቁ። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀቡ።

የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊትና የፍልሰታ ጾም

የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ስለሚጀምር ከጉዞው ጋር ይገጥማል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስዱ አያት እስከ ከሰዓት ጾመው ዳገት ቢወጡ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ከመጾም በፊት ከሐኪም ጋር፣ ከፈለጉም ከነፍስ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። ሕመምተኛ ከጾም የሚፈቀድለት ነገር እንዳለ ብዙዎቹ ያውቃሉ። መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ልጆችም ፍልሰታን መጾም ይወዳሉ፤ ረጅም መንገድ በሚሄዱበት ቀን ግን ሳይበሉ አይውጡ።

የስኳር መውረድ ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ረሃብ፣ መነጫነጭና ግራ መጋባት ነው። ነቅተው ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ ይስጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ ይድገሙ፤ ከዚያ ምግብ ያብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይስጡ።

ኢንሱሊን ከቀዘቀዘና ወደ በረዶ ከተለወጠ ይበላሻል፤ ቢሟሟም አይጠቀሙበት። በብርድ ሌሊት በልብስ ጠቅልለው ከሰውነትዎ አጠገብ ያስቀምጡ፤ እሳት አጠገብ ግን አያስቀምጡ። ብርድ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል የግፊት መድኃኒት አንድ ቀንም አይዝለሉ።

ልጁ ምን ማወቅ አለበት?

ከ7 ዓመት በላይ ያለ ልጅ ሊማር የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት እንደ ጨዋታ አለማምዱት፦

• የወላጆቹን ስልክ ቁጥር በቃሉ፤ ስልኩን እንዴት እንደሚደውል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።
• ያሉበትን ቀበሌና በአቅራቢያ ያለውን ትልቅ ሰው ቤት።
• የአያቱ ስኳር የት እንደተቀመጠ።
• የስትሮክ ምልክት፦ ፊት በአንድ ጎን መውደቅ፣ አንድ እጅ አለመነሳት፣ ንግግር መጥፋት። ይህን ካየ «ትንሽ ይረፉ» ብሎ ሳይጠብቅ ጎረቤት እንዲጠራ።
• ከጠፋ ባለበት እንዲቆም፣ ገደልና ወንዝ እንዳይሻገር፣ ፊሽካ እንዲነፋ።

አያቶች ደግሞ ሕመምን አይደብቁ። «ልጁ እንዳይደነግጥ» ብለው ደረት ሲወጋ ዝም የሚሉ ብዙ ናቸው። ልጁ ግን ይበልጥ የሚደነግጠው አያቱ ሳይነግሩት ሲወድቁ ነው።

ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

• ራስን መሳት፣ መንቀጥቀጥ (የሚጥል ዓይነት)፣ ግራ መጋባት
• የደረት ሕመም፣ የመተንፈስ ችግር፣ የስትሮክ ምልክት
• ሕፃን አልጠባም ወይም አልጠጣም ሲል፣ ሁሉን ሲያስታውክ
• ደም ያለበት ተቅማጥ፣ የዓይን መጎድጎድ፣ ለ6 ሰዓት አለመሽናት
• ከ3 ወር በታች ባለ ሕፃን ማንኛውም ትኩሳት፤ በሌላው ላይ ከ2 ቀን ያለፈ ትኩሳት
• የእንስሳ ንክሻ፣ ትልቅ ቃጠሎ፣ ከወደቁ በኋላ መቆም አለመቻል

በየቀበሌው ያለው ጤና ኬላና በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የመጀመሪያ መድረሻዎ ናቸው። ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይላካሉ። በክረምት መንገድ ጊዜ ስለሚወስድ ሲጨልም ከመጠበቅ በጊዜ ይነሱ።

ከተመለሱ በኋላ

ለ1 ወር ያህል የልጁንም የአያትንም ትኩሳት፣ ሳልና ተቅማጥ ይከታተሉ። የአያትን የደም ግፊትና ስኳር ያስለኩ። የልጁን ራስና ልብስ ለቅማል፣ ገላውን ለእከክ ይመልከቱ። ሐኪም ዘንድ ከሄዱ የት እንደነበሩ፣ ምን እንደጠጡ፣ ቆላ መውረዳቸውን ሁሉ ይንገሩ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም።